ዘጠኝ ለባዶ፦ ለሐይቋ መምህርት

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ነው። ጠያቂዋ የስፖርት መምህርት ናት። ላሳጥረው፦ «የሴት ተማሪዎች ቡድን አቋቁሜ ደሴ ወጥተን ከአንድ ትምህርት ቤት ጋር ተጫወትን። 9 ለ 0 ተሸነፍን። በማግስቱ ከ18ቱ ልጆች ለልምምድ የመጡት 7 ብቻ ናቸው። ወንዶቹ ተማሪዎች ደግሞ በስልካቸው የአሜሪካና የታይላንድን 13 ለ 0፣ የእንግሊዝና የላትቪያን 20 ለ 0 እያሳዩ ‹የሴት ኳስ እኮ እንዲህ ነው› እያሉ ይስቁባቸዋል። ለመሆኑ በአገር ደረጃ ለምን እንዲህ ዓይነት ውጤት ይመጣል? ጎል የሚያዘንቡትስ አንድ ቦታ ላይ ማቆም አልነበረባቸውም? የዓለም ዋንጫው ቡድን እየጨመረ ሲሄድ አይብስም? ልጆቼንስ ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ነገር አብሽሪ። ከ9 ለ 0 በኋላ ሰባት ልጅ መምጣቷ ትንሽ አይደለም። እኔ አሰልጣኝ ሆኜ 11 ለ 0 በተሸነፍኩ ማግስት የመጡት አራት ነበሩ። አንዷም የመጣችው ታኬታዋን ልትመልስ ነው። ወደዚያ ታሪክ በኋላ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ለወንዶቹ ልጆች ስልክ አንድ ነገር ልጨምርላቸው። በ2001 በወንዶች የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ አውስትራሊያ አሜሪካን ሳሞአን 31 ለ 0 አሸንፋለች። ሠላሳ አንድ። ወንዶች ናቸው። እሱ ማጣሪያ ነው ካሉሽ ራሱ የወንዶች ዓለም ዋንጫ አለ። በ1974 ዩጎዝላቪያ ዛየርን 9 ለ 0፣ በ1982 ሃንጋሪ ኤል ሳልቫዶርን 10 ለ 1 አሸንፈዋል። አሁን ቁጥሩን ቁጠሪው። የወንዶች ዓለም ዋንጫ የተጀመረው በ1930 ነው። ስለዚህ 10 ለ 1 የመጣው ውድድሩ በተጀመረ በ52 ዓመቱ ነው። የሴቶቹ የተጀመረው በ1991 ሲሆን 13 ለ 0 የመጣው በ2019 ነው፤ ገና በ28 ዓመቱ። እኔ ሁለቱን ሳስተያይ የሚታየኝ የፆታ ጉዳይ አይደለም፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው።

የእኛ አገር ሰው ነሽና በእርሻ ልንገርሽ። አንዱ በበልግ ዘርቷል። ሌላው ለመኸር ገና በሬ እየፈለገ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አጨዳ አውጥተሽ «የማን ማሳ ይሻላል?» ብትይ መልሱ ምንም አይነግርሽም። የሴቶች እግር ኳስ ደግሞ ዝም ብሎ የዘገየ አይደለም፤ ተከልክሎ ነው። በ1920 በእንግሊዝ ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ የሴቶች ጨዋታ ለማየት 53 ሺህ ያህል ሰው ገብቷል። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ሴቶች በአባል ክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከለከለ። ክልከላው ወደ 50 ዓመት ቆየ። ጀርመንም ከ1955 እስከ 1970፣ ብራዚልም ከ1941 እስከ 1979 ከልክለዋል። የኳስ አገር የምንላት ብራዚል!

ታዲያ ሁሉም ከተከለከሉ ሁሉም እኩል አይሆኑም ወይ? አይሆኑም። ወሳኙ ማን ቀድሞ ተመልሶ ጀመረ የሚለው ነው። አሜሪካ በ1972 የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ሴትና ወንድን እኩል እንዲያስተናግድ ሕግ አወጣች። ሕጉ የወጣው ለትምህርት እንጂ ለኳስ ተብሎ አልነበረም። ግን ኮሌጆቹ የሴቶች ቡድን ለማቋቋም ተገደዱ። በዚያ የተነሳ ሌላው ዓለም ገና ሜዳ ሲለምን እነሱ በሺዎች ከሚቆጠሩ ልጆች መካከል ይመርጡ ነበር። እንግሊዝ ዘግይታ ብትጀምርም ገንዘብ ይዛ ገባች። ከ2018 ወዲህ የመጀመሪያው ዲቪዚዮኗ ተጫዋቾች ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ሥራቸው ኳስ ነው። ከሺዎች የተመረጡ 11 ልጆች ከሃምሳ ከተመረጡ 11 ጋር ሲጋጠሙ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ጎል የሚመጣው።

ለእኛ ለወሎዎች ደግሞ አንድ የቀረበ ምሳሌ አለ፣ ሒጃብ። ከልጆችሽ መካከል የሚሸፈኑ እንዳሉ አልጠራጠርም። ፊፋ ራስ ሸፍኖ መጫወትን ከልክሎ በ2011 የኢራን ሴቶች ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ ላይ የኦሊምፒክ ማጣሪያ ሊጫወቱ ሜዳ ገብተው በዚሁ ምክንያት ሳይጫወቱ ተሸናፊ ተባሉ። ክልከላው ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ2014 ነው። ይታይሽ፣ ስንት አገር ስንት ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ኳስ ሳትነካ አደገች? በ2023 የሞሮኮዋ ተከላካይ ኑሃይላ ቤንዚና በዓለም ዋንጫ ሒጃብ ለብሳ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያ ጨዋታ ሞሮኮ ደቡብ ኮሪያን 1 ለ 0 አሸነፈች። ይህን ቪዲዮ ለልጆችሽ ባታሳዪ ቅር ይለኛል።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። ብዙ ሰው 13 ለ 0 ሲሰማ በየሰባት ደቂቃው አንድ ጎል የገባ ይመስለዋል። ጎል እንደዚያ አይገባም። የአሜሪካና የታይላንድን ጨዋታ በደቂቃ እንየው። ሰኔ 2019፣ ፈረንሳይ፣ ሬምስ ከተማ። ጎሎቹ በ12ኛው፣ በ20ኛውና በ32ኛው ደቂቃ ገቡ። ዕረፍት 3 ለ 0 ወጡ። 3 ለ 0 ሽንፈት ነው እንጂ ውርደት አይደለም። ከዕረፍት መልስ ግን በ50፣ በ53፣ በ54 እና በ56ኛው ደቂቃ አራት ጎል ገባ። ስድስት ደቂቃ ውስጥ! ከዚያ ዝናቡ ቆመ። ለ18 ደቂቃ አንድም ጎል የለም። ከ74ኛው ጀምሮ እስከ ጭማሪው ሰዓት ደግሞ ስድስት ተደገመ።

ሁለት ዶፍ ነው የወረደው፤ የሁለቱም ምክንያት ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነው። ጎል የተቆጠረበት ቡድን ኳሷን መሀል ሜዳ አስቀምጦ ይጀምራል። ለጠንካራ ቡድን ይህ ካሳ ነው። ለደካማው ግን ቅጣት ነው። ሁለት ፓስ ያደርጋሉ፣ ሦስተኛው ይነጠቃል፣ ተከላካዮቹ ገና ቦታቸውን አልያዙም፣ ሌላ ጎል። እንደገና መሀል ሜዳ። ማንም ትንፋሹን ሳይሰበስብ በ53ኛው የገባው በ54ኛው ይደገማል። ሁለተኛው ዶፍ ድካም ነው። ኳስ የሚይዘው ቡድን ሲያሻው ይሮጣል። ኳስ የሌለው ሲያስሮጡት ይሮጣል። ሰውነታቸው ለ90 ደቂቃ በዚያ ፍጥነት ያልተዘጋጀ ልጆች 70ኛው ደቂቃ ላይ እግራቸው ይታሰራል። ያኔ ደግሞ አሜሪካ ትኩስ ተቀያሪ ታስገባለች። ከወንበር ተነስተው ከገቡት መካከል ማሎሪ ፒውና ካርሊ ሎይድ ሁለቱም አግብተዋል። የላትቪያውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ዕረፍት 8 ለ 0፣ ከዕረፍት በኋላ ሌላ 12፣ ሀትሪክ የሠሩት (ሦስትና ከዚያ በላይ ያገቡት) ልጆች ብቻ አራት።

የበረኛዋ ጉዳይ ለብቻው ይነሳ። የጎሉ ስፋት 7.32፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው፤ ለወንዱም ለሴቷም አንድ። አጠር ያለች በረኛ ስትቆም ከእጇ በላይ የሚቀረው ክፍት ቦታ የትየለሌ ነው። ይህ በብዙ ሥልጠና ይካካሳል፤ በአቋቋም፣ ቀድሞ በመውጣት፣ በእግር ፍጥነት። ግን የበረኛ አሰልጣኝ ያለው ስንቱ ቡድን ነው? በእኛ ሰፈር በረኛ የምትሆነው ብዙ ጊዜ መሮጥ ያልወደደችው ልጅ ናት። እውነቴን ነው። ሁለት ቡድን በሌላው ሁሉ ተቀራራቢ ሆኖ በበረኛ ብቻ 5 ለ 0 ሲለያይ አይቻለሁ። ለ13 ዓመት ልጆችሽ ጎሉን በድንጋይም ቢሆን ጠበብ አድርጊላቸው።

«መቆም አልነበረባቸውም?» ላልሽው እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። በምድብ ጨዋታ የጎል ክፍያ (ካገባሽው ላይ የገባብሽ ሲቀነስ የሚቀረው) ሰው ያሳልፋል፣ ሰው ይጥላል። የ2023ቱን የሴቶች ዓለም ዋንጫ ምድብ አንድ ተመልከቺ። ኖርዌይና ኒውዚላንድ እኩል 4 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ኖርዌይ በመጨረሻው ቀን ፊሊፒንስን 6 ለ 0 አሸንፋ አለፈች። 1 ለ 0 ላይ ብታቆም ኖሮ በጎል ክፍያም በገባ ጎልም ከኒውዚላንድ ጋር እኩል ትሆን ነበር። እርስ በርስ ሲገናኙ ደግሞ ያሸነፈችው ኒውዚላንድ ስለሆነች፣ ሻንጣ የምትይዘው ኖርዌይ ነበረች። በወንዶቹም በ2018 ሴኔጋል ከጃፓን ጋር በነጥብም በጎልም እኩል ሆና በቢጫ ካርድ ብዛት መቅረቷን የሚረሳ አፍሪካዊ የለም። ታዲያ የትኛው አሰልጣኝ ነው «በቃችሁ» የሚለው? ደንቡ ጎል ቁጠሩ እያለ ተጫዋቿን ለምን ቆጠርሽ ማለት ግፍ ነው።

ጭፈራው ሌላ ነገር ነው። አሜሪካኖቹ 10ኛውንም 13ኛውንም እንደ ዋንጫ ጎል ሲጨፍሩበት ዓለም ተቆጣ። እኔም አልወደድኩትም። ግን ይበልጥ የማልወደው ሆን ብሎ መቆም ነው። እየራሩልሽ 20 ፓስ ወደ ኋላ ሲያንሸራሽሩ ሜዳ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ? ከ13ኛው ጎል በላይ ያቃጥላል። ጠንካራው አሰልጣኝ ማድረግ የሚችለው ተቀያሪዎቹን ቶሎ ማስገባት ነው፤ ያልተጫወተችው ልጅ ትጫወት። የወዳጅነት ጨዋታ ከሆነ ግን ፍርዴ ይለያል። እዚያ የጎል ክፍያ የለም፣ ስለዚህ ሰበብም የለም።

ታይላንድ ቀጥሎ ምን እንደሆነች ማንም በስልኩ አያሳይም፤ እኔ ልንገርሽ። ከአምስት ቀን በኋላ በስዊድን 5 ለ 1 ተሸነፉ። ያቺን አንድ ጎል ካንጃና ሱንግ ንጎን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አገባቻት። የታይላንድ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሳ፣ የቡድን መሪዋ አለቀሰች። 5 ለ 1 ተሸንፈው በደስታ እያለቀሱ!

የዓለም ዋንጫው ሲሰፋ ይብሳል የሚለውን ስጋት ብዙዎች ነበራቸው። እኔም ነበረኝ። በ2015 ከ16 ወደ 24 ሲያድግ ጀርመን ኮትዲቯርን 10 ለ 0፣ ስዊዘርላንድ ኢኳዶርን 10 ለ 1 አሸነፉ። እና በ2023 ወደ 32 ሲያድግ ወዮ ብለን ጠበቅን። ስምንት አዲስ አገሮች ገቡ። ትልቁ ውጤት ኔዘርላንድስ በቬትናም ላይ ያስቆጠረችው 7 ለ 0 ነበር። ሄይቲ በእንግሊዝ የተሸነፈችው 1 ለ 0 ብቻ ነው። ፖርቱጋል ከአሜሪካ ጋር ባዶ ለባዶ ወጥታ በመጨረሻው ሰዓት የመታችው ኳስ የጎሉን ቋሚ ነክቶ ወጣ። ያ ኳስ ቢገባ አሜሪካ ከምድቧ ትቀር ነበር።

ሞሮኮ ደግሞ የሁሉም ቁንጮ ናት። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በጀርመን 6 ለ 0 ተሸነፈች። ወሬው ሁሉ «ለምን አመጧቸው?» ሆነ። ቀጥላ ደቡብ ኮሪያን 1 ለ 0፣ ከዚያ ኮሎምቢያን 1 ለ 0 አሸንፋ ጥሎ ማለፍ ገባች። 6 ያገባችባት ጀርመን ግን ከምድቧ ተሰናበተች። ተአምር አይደለም። ሞሮኮ በ2020 ገደማ ሁለት ዲቪዚዮን ያለው የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ አቋቁማ ነበር። በ2022 የአፍሪካ ዋንጫውን አዘጋጅታ ፍጻሜ ደርሳለች። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚመጥናቸው ጨዋታ ነበራቸው። የኔ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የውጤት ልዩነትን የሚያጠበው በየሳምንቱ ከእኩያ ጋር መጫወት ነው። ከኃያል ጋር በዓመት አንዴ መጋጠም አያጠበውም። በኃያል መጨፍለቅ «ልምድ ነው» የሚሉ አሉ። በ90 ደቂቃ ውስጥ ኳስ አሥር ጊዜ ያልነካች ልጅ የምን ልምድ ታገኛለች?

ስለዚህ አሁን ትልቁ ልዩነት ያለው ዋንጫው ላይ ሳይሆን ማጣሪያው ላይ ነው። 20 ለ 0 ማጣሪያ ነው። በዚያው ሳምንት ቤልጂየም አርሜኒያን 19 ለ 0 ያሸነፈችውም ማጣሪያ ነው። አውሮፓውያኑ ገባቸውና ከ2023 ጀምሮ የሴቶች ኔሽንስ ሊግ ብለው አገሮቹን በሦስት እርከን ከፈሏቸው። የበላዮቹ ከበላዮች፣ የታችኞቹ ከታችኞች ይጫወታሉ፤ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ማጣሪያውንም በዚሁ እርከን ላይ መሠረቱት። ትንሿ አገር አሁን የምታሸንፈው ጨዋታ አላት።

አፍሪካ ገና ነች። በ2019 ደቡብ አፍሪካ ኮሞሮስን 17 ለ 0 አሸንፋለች። እኛም ንጹሕ አይደለንም። በ2018 ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ሉሲዎቹ ሊቢያን በደርሶ መልስ 15 ለ 0 ሸኟት። ያኔ ደስ ብሎን ነበር፤ እኔም ጨፍሬያለሁ። «የሊቢያ ልጆች ምን ተሰማቸው?» ያለ ሰው ግን አላስታውስም። ከዚያ ቀጣዩ ዙር ላይ አልጄሪያ መጣችና እኛን ጣለችን። 15 ጎል ማግባት ለአልጄሪያ አላዘጋጀንም። ለካ የሰፋ ውጤት አሸናፊውንም ያሰንፋል።

አሁን ወደ ልጆችሽ። የተጋጠማችሁት ምናልባት ሦስትና አራት ዓመት አብረው ከተጫወቱ ልጆች ጋር ነው። ደሴ ደግሞ ከሐይቅ ከፍ ያለች ብርድ ናት፤ መንገዱም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከመኪና ወርደው ወዲያው ከገቡ እግራቸው ደንዝዟል። ይህን አትናቂው፣ ግን ሰበብም አታድርጊው። ደሴን ለጊዜው ተያት። ውጫሌ፣ መርሳ፣ ኩታበር ያሉ መምህራንን አፈላልጊ። እንዳንቺ ቡድን ያቋቋመች አንዲት ብታገኚ በቂ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሰባት ለሰባት፣ በትንሽ ሜዳ፣ ደርሶ መልስ። ሰባት ልጅ እንዳለሽ ራስሽ ነግረሽኛል። ደሴ በዓመት አንዴ ይበቃል። ያንን ስትሄጂም ከዚያኛው አሰልጣኝ ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ልዩነቱ ከሰፋ ሁለተኛውን አጋማሽ ልጆቹን ቀላቅላችሁ አጫውቱ። እሺ የማይል አሰልጣኝ ገጥሞኛል፣ ግን ጥቂት ነው።

ጨዋታውን ደግሞ በ15 በ15 ደቂቃ ከፋፍለሽ ቁጠሪ። 9 ለ 0 ብለሽ አትጻፊ። የመጀመሪያው 15 ስንት ነበር? 1 ለ 0? ሁለተኛውስ? አንዱ ሩብ ባዶ ለባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ለልጆቹ ያንን አሳዪያቸው። ጎል ሲገባባችሁ መሀል ሜዳ ላይ አጭር ፓስ አትጀምሩ። ረጅም አድርጋችሁ ወደ ተቃራኒ ጥግ መስመር ምቱት። ኳሱ ቢወጣም ውርወራው እነሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ልጆችሽም ወደ ፊት ወጥተው ይተነፍሳሉ። የታይላንድን ስድስት ደቂቃ የሚያስቆመው ይህ ነው።

የኔን 11 ለ 0 ላጫውትሽ ብዬ ነበር። አዲስ አበባ፣ ከሰዓት፣ አቧራ። ስምንተኛው ከገባ በኋላ በረኛዬ አንድ ነገር ጀመረች። ኳሷን ከመረብ አውጥታ አትመታም። በእጇ አቅፋ፣ ቀስ እያለች፣ ራሷ እስከ መሀል ሜዳ ይዛ ትሄዳለች። ዘጠነኛው ላይም እንዲሁ። እኔ ከመስመር ላይ «ምቺው! ምን ያንቀራፍፍሻል?» እያልኩ እጮሃለሁ። ዳኛው አስጠነቀቃት። አሥረኛው ላይም ያንኑ አደረገች። ካለቀ በኋላ ተቆጥቼ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ጓንቷን እያወለቀች፣ «ልጆቹ ትንሽ ይተንፍሱ ብዬ ነው» አለችኝ። አሥራ አንድ ጎል የገባባት ልጅ! እኔ አሰልጣኝ ተብዬ ያላየሁትን እሷ አይታዋለች። ከአራቱ የማግስት ልጆች አንዷ እሷ ነበረች።

በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ በረኛሽ አንድም አልጻፍሽም። ከሰባቱ አንዷ ናት? ካልሆነች ነገ ከትምህርት በኋላ ቤቷ ሂጂ።